ጌም ዋርደን ሲመጣ ምን ላድርግ? በፔንሲልቬንያ ለሚያድኑ ሐበሾች

ከፊላዴልፊያ በሌሊት ተነስታችሁ፣ ሦስት ሰዓት ነድታችሁ ጫካ ገብታችኋል። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጠመንጃችሁ ጉልበታችሁ ላይ ነው። ድንገት ከኋላችሁ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። አጋዘን መጣ ብላችሁ ዞር ስትሉ ባጅ ያደረገ፣ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ቆሟል። ጌም ዋርደን ነው፣ የአደን ሕግ አስከባሪው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ደቂቃ ነው። ከእሷ በፊት ምን እንደምታዘጋጁ፣ ሰውዬው ፊታችሁ ሲቆም ምን እንደምታደርጉ፣ ነገሩ ቢበላሽ ደግሞ የት እንደምትሄዱ እጽፋለሁ።

አሜሪካ ውስጥ ማደን ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ከዋርደኖችና ከምክትሎቻቸው ጋር ብዙ ጊዜ ተገናኝቻለሁ። አብዛኛው በሰላም አልፏል። አንዳንዱ እንዲያውም ወዳጅ አፍርቶልኛል። አንዱ ግን እስከ ዛሬ ሳስበው ያስደነግጠኛል። እሱን ወደ ኋላ አጫውታችኋለሁ።

በእኛ ሰዎች ላይ ያየሁት ነገር አለ። ችግር ውስጥ የሚገቡት ሕግ ልጣስ ብለው የወጡት ብቻ አይደሉም። ብዙ ጊዜ የሚጎዳን ፍርሃታችን ነው። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ስናይ ልባችን ይመታል። ይህን ከአገር ቤት ይዘነው መጥተናል። ስንፈራ ደግሞ ወይ ዝም እንላለን፣ ወይ እንለማመጣለን፣ ወይ እንቀባጥራለን። ሦስቱም ዋርደኑን ያስጠረጥሩታል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሹ ስለ ደንቡ ነው፤ ግማሹ ስለ ራሳችን ጠባይ ነው።

ጠበቃ አይደለሁም። የምጽፈው በፔንሲልቬንያ ደንብ ላይ ተመሥርቼ ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ወይም ሚኒሶታ የምታድኑ የየስቴታችሁን የዓመቱን ደንብ አንብቡ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ሰውዬው ማን እንደሆነ እወቁ

ፔንሲልቬንያ ውስጥ አደንን የሚቆጣጠረው ጌም ኮሚሽን ነው። በ1895 የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ነው። ሠራተኞቹ ድሮ ጌም ፕሮቴክተር ይባሉ ነበር። ከ2018 ጀምሮ መጠሪያቸው ስቴት ጌም ዋርደን ነው። ዓሣ የሚቆጣጠረው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። የስቴት ፓርኮች ሬንጀሮችም ሌሎች ናቸው። ከባጁ ላይ አንብቡ።

ስሙ ዘበኛ ቢያስመስለውም ዋርደን ፖሊስ ነው። መሣሪያ ይታጠቃል። ይከሳል፣ ያስራል። መኪና ያስቆማል።

ምክትሎቹ ግን ይለያሉ። ዴፑቲ የሚባሉት ሌላ የዕለት ሥራ ያላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሠልጥነው፣ ባጅ ተሰጥቷቸው ዋናውን ዋርደን ያግዛሉ። አንድ ዋርደን ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ስኩዌር ማይል ይሸፍናል። ስለዚህ አደን በሚከፈትበት ቀን ምክትል ብታገኙ አይግረማችሁ። «አንተ ምክትል ነህ፣ ዋናውን ጥራልኝ» ማለት ነገር መፈለግ ነው። መታወቂያውን ለማየት መጠየቅ ግን መብታችሁ ነው። በተለይ ዩኒፎርም ካልለበሰ በትሕትና ጠይቁ። «ኩድ አይ ሲ ዩር አይዲ፣ ፕሊዝ?» ይበቃል።

2. ከጠመንጃው በፊት የመኖሪያ ወረቀታችሁን አስቡ

ይህን ክፍል ማንም እንዳይዘለው እለምናለሁ። ስለ አደን የተጻፉ የእንግሊዝኛ መመሪያዎች ስለዚህ ብዙም አያወሩም። የእኛን ሰው ግን ከአገር ሊያስወጣው ይችላል።

በፌዴራል ሕግ፣ ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ጠመንጃም ጥይትም መያዝ አይችልም። የጓደኛን ጠመንጃ ለደቂቃ መያዝም ጣጣ አለው። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰውም በመሠረቱ አይችልም። ሆኖም በአሜሪካ የተሰጠ የጸና የአደን ፈቃድ ላለው ሰው ሕጉ ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ይችላል። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና ያላለቀለት ሰው ጠመንጃ ከመንካቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር።

ግሪን ካርድ ያላችሁም ተጠንቀቁ። ከጠመንጃ ጋር የተያያዘ ጥፋተኝነት ከአገር ሊያስባርር የሚችልበት ድንጋጌ አለ። ለአንድ አሜሪካዊ አዳኝ ቅጣቱን ከፍሎ የሚረሳው ቲኬት ለእኛ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ወደ ታች ስለ ቲኬት ስጽፍ እመለስበታለሁ።

3. የሚፈትሹትን ነገር ቀድማችሁ ራሳችሁ ፈትሹ

ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ። ዋርደን ሲመጣ የሚያያቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። ከቤት ስትወጡ እናንተ እንደ ዋርደን ሆናችሁ ራሳችሁን እዩ።

ፈቃድ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው የአዳኞች ትምህርት መውሰድ አለበት። ለስቴቱ ነዋሪ የአዋቂ ፈቃድ 21 ዶላር ገደማ ነው። ሴት አጋዘን ለማደን ተጨማሪ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ ላይ ፈርሙ። ከመታወቂያ ጋር ኪሳችሁ ይሁን። መኪና ውስጥ የተረሳ ፈቃድ እጃችሁ ላይ እንዳለ አይቆጠርም።

ታግ (የጣላችሁት እንስሳ ላይ የሚታሰር መለያ ወረቀት)፦ አጋዘን ስትጥሉ መጀመሪያ የምታደርጉት ፎቶ ማንሳት አይደለም። ታጉን ሞልታችሁ ጆሮው ላይ ታስራላችሁ። ሬሳውን ከወደቀበት ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ነው ይህ የሚደረገው። በብርድ የማይደርቅ እስክሪብቶና ክር ያዙ። ከዚያ በአሥር ቀን ውስጥ ለኮሚሽኑ ታሳውቃላችሁ።

እዚህ ላይ የእኛ ደግነት ጉድ ይሠራናል። አንዱ የራሱን ታግ ጨርሶ ሁለተኛ አጋዘን ይጥላል። ጓደኛው «ችግር የለም፣ በእኔ ታግ አድርገው» ይላል። ይህ ሁለቱንም ያስከስሳል። ታግ እንደ ጥርስ ብሩሽ ነው፣ አይዋዋሱትም። ፈቃድ የሌለው ዘመድ «ለሽርሽር» አብሮ ቢመጣም ጠመንጃ አይያዝ። አጋዘኑን እየጮኸ ወደ እናንተ አይንዳ። መንዳቱም እንደ ማደን ይቆጠራል።

ልብስ፦ በጠመንጃ አጋዘን በሚታደንበት ወቅት በራስ፣ በደረትና በጀርባ ላይ በድምሩ ቢያንስ 250 ስኩዌር ኢንች የሚያበራ ብርቱካናማ ያስፈልጋል። ከየትኛውም አቅጣጫ መታየት አለበት። ሰደርያና ኮፍያ ካደረጋችሁ ይበቃል። ግን ብርድ ሲበረታ ጥቁር ጃኬት ከላይ ደርባችሁ ሰደርያውን እንዳትሸፍኑት። ይህን ስህተት በየዓመቱ አየዋለሁ።

ርቀትና ሰዓት፦ ሰው ከሚኖርበት ቤት በ150 ያርድ ውስጥ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በጠመንጃ ማደን አይቻልም። ወደ 137 ሜትር ነው። ለቀስት 50 ያርድ ነው። አጋዘን የሚታደነው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ እስከ ጠለቀች ግማሽ ሰዓት ድረስ ነው። እሑድ ማደን ለብዙ ዘመን ክልክል ነበር። በ2025 የወጣው ሕግ ክልከላውን አንስቶታል። የትኞቹ እሑዶች እንደተፈቀዱ ግን ከዓመቱ ደንብ እዩ።

መኪና፦ የጎረሰ ጠመንጃ መኪና ውስጥ አይገባም፣ መኪና ላይም አይደገፍም። ጥይት ያለበት ካርታ (የጥይት መያዣ) ከተሰካበትም እንደጎረሰ ነው የሚቆጠረው። መኪናው ጋ ከመድረሳችሁ በፊት አራግፉ። ዋርደኖች ብዙ ጊዜ የሚጠብቁት ጫካው ውስጥ ሳይሆን መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ማታ ደክሟችሁ፣ እጃችሁ ደንዝዞ ስትመለሱ ነው የሚያገኟችሁ። የመርሳት ሰዓት እሱ ነው።

4. የመጀመሪያዋ ደቂቃ

አሁን ወደዚያች ደቂቃ እንምጣ። ሰውዬው እያያችሁ ነው። ይህን በቅደም ተከተል አድርጉ።

መጀመሪያ ጣታችሁን ከምላጩ አውጡ። አፈሙዙን ወደ መሬት ወይም ወደ ሰማይ፣ ከሰውዬው ፈጽሞ አርቃችሁ ያዙ። በጠመንጃው አትዙሩ። ጠመንጃው ባለበት ይቆይና አንገታችሁ ብቻ ይዙር። ወደ ድምፅ ስንዞር አፈሙዙም አብሮን ይዞራል። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ድምፅ አሰሙ። «ጉድ ሞርኒንግ፣ ኦፊሰር» በሉ። ዝምታ ያስፈራዋል። ብቻውን ነው። ከሚያገኛቸው ሰዎች አብዛኞቹ መሣሪያ ይዘዋል። እናንተ እሱን እንደምትፈሩት እሱም እናንተን እያጠና ነው። ይህን ካሰብኩ ወዲህ የራሴ ፍርሃት ቀሎልኛል።

ከዚያ የጠመንጃውን ሁኔታ ንገሩትና እሱ ይምራችሁ። «ማይ ራይፍል ኢዝ ሎድድ። ዋት ዉድ ዩ ላይክ ሚ ቱ ዱ?» ጠመንጃዬ ጎርሷል፣ ምን ላድርግ ማለት ነው። ሳትጠየቁ ማራገፍ አትጀምሩ። ሳትጠየቁ አታስረክቡ። አራግፉ ካላችሁ ቀስ ብላችሁ፣ እያሳያችሁ አራግፉ። ወረቀት አሳዩ ካላችሁ ደግሞ «ከዚህ ኪስ ላወጣ ነው» ብላችሁ ተናግራችሁ አውጡ።

ዓይኑን እዩ። ይህ ለእኛ ይከብዳል። ታላቅ ሰው ወይም ባለሥልጣን ፊት አንገት መድፋት አክብሮት ነው ተብለን ነው ያደግነው። እዚህ ግን መሬት መሬት የሚያይ ሰው የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስላቸዋል። ማፍጠጥ አያስፈልግም። ሲያናግራችሁ ብቻ ቀና በሉ።

ሌላም አለ። እኛ «አዎ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ እንስባለን። ፈረንጅ ይህን አያውቅም። የደነገጣችሁ ወይም ያመማችሁ ይመስለዋል። አንድ ዋርደን ጓደኛዬን «ደህና ነህ? መተንፈስ አቃተህ?» ብሎ ጠይቆታል። «የስ» በሉ፣ ይሰማ።

ከጓደኛችሁ ጋር ከሆናችሁ በሰውዬው ፊት በአማርኛ አትንሾካሾኩ። ምንም ክፉ ባትናገሩም የምትዶልቱ ትመስላላችሁ። ጓደኛችሁ እንግሊዝኛ ካልቻለ «እንግሊዝኛ አይችልም፣ የጠየቅከውን ላስረዳው» ብላችሁ አስፈቅዳችሁ ተርጉሙ።

እዚህ ላይ ቃል የገባሁላችሁን ታሪክ ልንገራችሁ። ፔንሲልቬንያ አልነበረም፤ ስቴቱን አልጠራም። እኔና አንድ ወዳጄ የመሸበት ተራራ ላይ ነበርን። አንድ ሰው ከኋላችን ድንገት ጮኸ። ባጁ ከጃኬቱ ሥር ስለነበር አይታይም። ምክትል መሆኑን የነገረን በኋላ ነው። ወዳጄ ደንግጦ ከነጠመንጃው ዞረ። አፈሙዙ የሰውዬውን ደረት አለፈው። ሰውዬው ሽጉጡን መዘዘ። ሁላችንም ቆመን ቀረን። እኔ ብቻ ነኝ ድምፅ ያወጣሁት። «ዲር ሃንተርስ! ዲር ሃንተርስ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ሽጉጡን እስኪያወርድ ድረስ ያለፈው ጊዜ ዕድሜ ልክ መስሎኝ ነበር።

ጥፋቱ የሁለቱም ነበር። ሰውዬው ራሱን ሳያስታውቅ ከኋላ መምጣት አልነበረበትም። ወዳጄም ጠመንጃውን ይዞ መዞር አልነበረበትም። የሰውዬውን ጠባይ ልለውጥ አልችልም። የራሴን ግን ለወጥኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወቅቱ ሊገባ ሲል ቤት ውስጥ እለማመዳለሁ። ባዶ ጠመንጃ ይዤ እቀመጣለሁ፣ ባለቤቴ ከኋላ ትጠራኛለች፣ አንገቴን ብቻ አዞራለሁ። ልጆቼ ይስቃሉ። እናንተም ተለማመዱት።

5. ሲጠይቃችሁ እንዴት እንደምትመልሱ

የሚጠይቀው የታወቀ ነው። ከየት መጣችሁ? ስንት ናችሁ? ምን አያችሁ? ተኩሳችኋል? ፈቃዳችሁ የታል? የሚያወራው እንደ ወሬ ነው፤ ግን ሥራ ላይ ነው። አጭርና እውነት መልሱ። አታብራሩ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።

አትዋሹ። ትንሽ ጥፋት ይዞ የሚመጣው ቲኬት ብቻ ሊሆን ይችላል። ውሸት ግን ሌላ ክስ ይጨምራል፣ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊያልፋችሁ የነበረውን ሰውም ያስቀይመዋል። መናገር የማትፈልጉት ነገር ካለ «ይህን ባልመልስ እመርጣለሁ» ማለት ይቻላል። ፈቃድና መታወቂያ ግን ማሳየት ግዴታ ነው።

ያልገባችሁን «እሺ፣ እሺ» አትበሉ። ይህ ትልቁ በሽታችን ነው። ሰው እንዳይቀየም፣ እንግሊዝኛችን ደካማ መሆኑ እንዳይታወቅ እሺ እንላለን። እሺታችሁ ግን ሕጋዊ ትርጉም አለው። «መኪናህን ልየው?» ሲላችሁ እሺ ካላችሁ ፈቅዳችኋል። ያልገባችሁን «አልገባኝም፣ ቀስ ብለህ ድገምልኝ» በሉ። ማንም አይቆጣም።

ምንም ነገር አትስጡት። ገንዘብማ አይታሰብም። ግን ከአጋዘኑ ሥጋም «ውሰድ» አትበሉት። ለእኛ ይህ እንግዳ ማክበር ነው። ለእሱ ጉቦ ይመስላል። ከፔርሙስ ቡና ልቅዳልህ ማለት ነውር የለውም፣ እምቢ ካለ ግን አትለምኑት። ፍተሻው ሳያልቅ ባትጋብዙት ይሻላል።

6. የት ድረስ መፈተሽ ይችላል?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «ይህ የግል መሬት ነው፣ ባለቤቱም ፈቅዶልኛል፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መግባት አትችልም» ብሎ የሚከራከር አለ። አይሠራም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1924፣ ከዚያም በ1984 ክፍት መሬት እንደ ቤት የተጠበቀ አይደለም ብሎ ወስኗል። የፔንሲልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2007 ይህንኑ ተቀብሏል። «መግባት ክልክል ነው» የሚል ምልክት ቢኖርም ዋርደኑ ጫካውንና ማሳውን ያለ ትእዛዝ ሊዞር ይችላል።

ቤት ግን ሌላ ነው። ለመኖሪያ ቤታችሁና ለቅርብ ግቢው ጥበቃው ጠንካራ ነው። የአደን ጎጆ ውስጥ አድራችሁ በር ቢያንኳኳ ወጥታችሁ ማነጋገር ትችላላችሁ። በሩን ከኋላችሁ ዝጉ። ልግባ ካለ ትእዛዝ እንዳለው ጠይቁ።

ፈቃድ፣ ጠመንጃ፣ የያዛችሁትን ሥጋና ታግ ለማየት ሰፊ ሥልጣን አለው። እነዚህን አሳዩ። ከዚያ በላይ ስልካችሁን፣ ቦርሳችሁን፣ መኪናችሁን ሁሉ ልበርብር ካለና ካልፈለጋችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ያዙ። «አይ ዱ ኖት ኮንሰንት ቱ ኤ ሰርች።» ለፍተሻ አልፈቅድም ማለት ነው። በለሆሳስ፣ ሳትቆጡ ተናገሩት። እሱ ግን መፈተሹን ከቀጠለ በእጃችሁ አትከልክሉ፣ ፊቱ አትቁሙ። ያለ ፈቃዳችሁ መፈተሹ በኋላ ዳኛ ፊት ለመከራከሪያ ይጠቅማል። ጫካ ውስጥ መጋፋት ግን ለማንም አይጠቅምም። ሲያበቃ «አም አይ ፍሪ ቱ ጎ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሂዱ ካለ ሂዱ።

7. የራሳችሁን ስህተት ቀድማችሁ ተናገሩ

በአብዛኛው ፔንሲልቬንያ አዋቂ አዳኝ የሚጥለው ወንድ አጋዘን በአንድ ቀንዱ ቢያንስ ሦስት ጫፍ ሊኖረው ይገባል። በጎህ ብርሃን፣ በቅርንጫፍ መሀል ሦስት ያላችሁት ስትደርሱ ሁለት ሆኖ ይገኛል። ያጋጥማል።

ጥላችሁ አትሂዱ። አትደብቁ። የስቴቱ ሕግ በስህተት ስለተገደለ እንስሳ የተለየ መንገድ አለው። ሆድ ዕቃውን አውጥታችሁ ወዲያው ለኮሚሽኑ ትደውላላችሁ፣ የሆነውን በጽሑፍ ታስረዳላችሁ፣ ሥጋውን ታስረክባላችሁ። የምትከፍሉት ካሳ ደብቃችሁ ብትያዙ ከሚመጣው ቅጣት ጋር አይወዳደርም። መዘግየት ግን ይህን መንገድ ይዘጋል።

ከወዳጆቼ አንዱ ይህ ደርሶበት እየተንቀጠቀጠ ደወለ። የመጣው ዋርደን መጀመሪያ ያለው «ስለደወልክ አመሰግናለሁ» ነው። ከዚያ በባትሪው እያበራ ጫፍ እንዴት እንደሚቆጠር አስተማረው። ወዳጄ ዛሬ የዚያን ዋርደን ስልክ ይዞ ነው ጫካ የሚገባው።

8. ቲኬት ከተሰጣችሁ

ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ። ሁለት ዓይነት ፊርማ አለ። አንዱ «ወረቀቱ ደርሶኛል» ነው። ሌላው «ጥፋተኛ ነኝ» ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ጥፋታችሁን እዚያው አምናችሁ ለመኮንኑ ቅጣቱን መክፈል የሚያስችል ሕግ አለ። ምቹ ይመስላል። ለእኛ ግን ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ከፈላችሁ ማለት ጥፋተኛ ናችሁ ማለት ነው። የትኛው ወረቀት እንደሆነ ካልገባችሁ «ፍርድ ቤት መቅረብ እመርጣለሁ» በሉ።

ቲኬት ከደረሳችሁ በኋላ መልስ ለመስጠት አሥር ቀን አላችሁ። ጥፋተኛ አይደለሁም ካላችሁ የአካባቢው ዳኛ ፊት ቀርባችሁ ትከራከራላችሁ። ብትሸነፉ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይግባኝ አለ። አስተርጓሚ ጠይቁ። የስቴቱ ፍርድ ቤቶች ማቅረብ አለባቸው። እንግሊዝኛ እችላለሁ ብላችሁ አትኩራሩ። የሱቅ እንግሊዝኛና የፍርድ ቤት እንግሊዝኛ አንድ አይደሉም።

ዜግነት ያልወሰዳችሁ ከሆነ፣ ጠመንጃን የሚነካ ማንኛውንም ክስ ከማመናችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያንብበው። የአንድ ሰዓት ክፍያ ነው። ፈቃዳችሁ ከታገደ ደግሞ ወደ ሌላ ስቴት ሄጄ አድናለሁ ብላችሁ አትቁጠሩ። አብዛኞቹ ስቴቶች የእገዳ መረጃ የሚለዋወጡበት ስምምነት አላቸው። አንዱ ያገደውን ሌሎቹም ያግዱታል።

9. በደል ከደረሰባችሁ

እዚያው አትሟገቱ። ጫካ ፍርድ ቤት አይደለም። መኪና ውስጥ እንደገባችሁ ግን ስልካችሁን አውጥታችሁ በድምፅ ቅዱ። በአማርኛ ይሁን። ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የባጁ ቁጥር፣ የመኪናው ታርጋ፣ ማን ምን አለ፣ ማን አየ። በማግስቱ ግማሹ ይረሳል።

ከዚያ በጽሑፍ ለዋርደኑ አለቆች አቅርቡ። የፔንሲልቬንያው ጌም ኮሚሽን ስድስት የክልል ቢሮዎች አሉት። ደብዳቤው አጭር ይሁን። ስድብ አይኑረው። ስለ ሰውዬው ማንነት ሳይሆን ስላደረገው ነገር ጻፉ። እኔ በዚያ ሽጉጥ በተመዘዘብን ቀን ያልጻፍኩት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። «በሰው አገር ምን አገባኝ» ብዬ ተውኩት። ብጽፍ ኖሮ ምናልባት ያ ሰው ለሌላው አዳኝ ከሩቅ ድምፅ ማሰማት ይጀምር ነበር።

መልካም ያደረገ ሲኖርም ጻፉ። ባለፈው ዓመት አንድ ምክትል ፈቃዴን አየ፣ ታጌን አየ፣ ከዚያ ገመዱን ይዞ አጋዘኔን ከሸለቆው አብሮኝ ጎተተ። ከአርባ ደቂቃ በላይ ፈጀብን። ልጆቹ ቤት እየጠበቁት ነበር። ለቢሮው ደብዳቤ ላክሁ። ምላሻቸው በሁለት ሳምንት መጣ።

10. ሥጋው ቤት እስኪደርስ

አደኑ አለቀ ብላችሁ አትዘናጉ። መንገድ ላይም ዋርደን አለ።

አጋዘንን አክስቶ የሚገድል ሲደብሊውዲ የሚባል በሽታ በ2012 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ተገኝቷል። በሽታው ባለባቸው ቀጠናዎች ከጣላችሁ ጭንቅላቱንና የጀርባ አጥንቱን ከቀጠናው ይዛችሁ መውጣት አትችሉም። ሌሎች ስቴቶችም ሲገቡባቸው ተመሳሳይ ክልከላ አላቸው። ዲሲ አካባቢ የምትኖሩ በተለይ ይህን እወቁ። ሙሉ አጋዘን ጭናችሁ ድንበር አትሻገሩ። እዚያው ገፍፋችሁ፣ ሥጋውን ከአጥንት ለይታችሁ ሂዱ። ታጉ ከሥጋው ጋር ይሁን።

የመጨረሻው ቅርጫ ነው። አምስት ሆነን ወጥተን አንዱ ብቻ ይጥላል። አራቱ «ድርሻችንን እንክፈል፣ የነዳጅም የጥይትም አውጥተሃል» ይላሉ። አገር ቤት በሬ ገዝተን እንደምንካፈለው ማለት ነው። የዱር እንስሳ ሥጋ መሸጥም መግዛትም ክልክል ነው። ሃያ ዶላር ተቀብሎ ሥጋ ማካፈል ሽያጭ ሊባል ይችላል። ስቴት ከተሻገረ ደግሞ ከ1900 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ ይነካዋል። በስጦታ መካፈል ግን ይቻላል። በነጻ ስጡ። በየፌስታሉ ላይ የአዳኙን ስም፣ የፈቃዱን ቁጥር፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ አያይዙ። ነዳጁን ለብቻ፣ ከሥጋው በፊት፣ ጠዋት ስትነሱ ተካፈሉ።

በጠመንጃ የሚታደነው ወቅት የሚከፈተው ከታንክስጊቪንግ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። የነቢያት ጾም ከገባ ገና ቀናት ነው። ስለዚህ ለምንጾመው ሥጋው ፍሪዘር ይገባል። ቋንጣ የምትፈልጉ በዚያው ሰሞን ዘልዝሉ። ለገና የምታስቡትን ጭኑን ሳትቆርጡ አስቀምጡ፣ ወረቀቱንም ከፌስታሉ ላይ አትንቀሉት።